ስኳር ያለበት ወጣትና ስልኩ፦ ሴንሰር ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። አራት ሆነን ተከራይተን በምንኖርበት ቤት አንዱ ጓደኛችን የቃዠ መሰለን። ስንጠራው አይመልስም፤ ሲናገርም የሚለው አይገባም። ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዳችን "ጠጥቶ ነው የገባው" አልን። ሌላችን "የሆነ ነገር ነክቶት ነው" አልን።

ልጁ አልጠጣም። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ያን ቀን ኳስ ተጫውቶ መጣ፣ የማታውን መርፌ እንደወትሮው ተወጋ፣ ደክሞት ስለነበር እራቱን በደንብ ሳይበላ ተኛ።

የመለኪያ ማሽኑን ከቦርሳው አወጣን። ስትሪፕ የለውም፤ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። እንደ ዕድል ሆኖ ገና መዋጥ ይችል ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠና "ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ?" አለን። ሳቅን። ግን እስኪነጋ ማናችንም አልተኛንም።

ከወር በኋላ አሜሪካ ያለች አክስቱ ሁለት ሴንሰር በሰው ላከችለት። ክንዱ ላይ የምትለጠፍ፣ የሳንቲም ያህል ትንሽ ነገር ናት። የዚያን ሌሊት ምክንያት ያወቅነው በሷ ነው። ዛሬ የምንጽፈውም ስለዚህ ነው፦ ቴክኖሎጂው እንዴት ይሠራል፣ የት ድረስ ይረዳል፣ እዚህ አገር ያለ ወጣትስ ምን ሊጠቀምበት ይችላል?

መጀመሪያ በሽታው

"ስኳር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው" የሚለውን እንርሳው። በልጅነትና በጉርምስና በብዛት የሚመጣው ዓይነት 1 የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ከረሜላ ስለበዛ የሚመጣ አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ኢንሱሊን ከሌለ የበላነው ምግብ ደም ውስጥ ስኳር ሆኖ ይከማቻል እንጂ ወደ ሕዋሳችን ገብቶ ጉልበት አይሆንም።

እ.ኤ.አ በ1922 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን የታከመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ በፊት ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ሊዮናርድ ግን ከ13 ዓመት በላይ ኖረበት።

ችግሩ ምንድነው? ጤነኛ ቆሽት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ "አሁን ስንት ልልቀቅ?" እያለ ይወስናል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ይህንን ሥራ በራሱ ጭንቅላት ነው የሚሠራው። ክፍል ውስጥም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ፈተና ላይም። ካነሰበት ስኳሩ ይወጣል፣ ከበዛበት ይወርዳል። በገበያ ላይ ያለው ቴክኖሎጂ ሁሉ ይህንን ሸክም ለማቅለል የተሠራ ነው።

ሴንሰር እንዴት ይሠራል?

በተለመደው መለኪያ ጣት ተወግቶ ደም ስትሪፕ ላይ ይደረግና ቁጥር ይወጣል። ይህ ጓደኛችሁን በየመሃሉ "ስንት ለስንት ናቸው?" እያላችሁ የኳስ ጨዋታ እንደመከታተል ነው። ውጤቱን ታውቃላችሁ፣ ማን እየተጫነ እንደሆነ ግን አታዩም። ሴንሰር ጨዋታውን ላይቭ ያሳያችኋል።

ከላስቲኩ ስር ፀጉር የመሰለች ቀጭን ሽቦ ቆዳ ውስጥ ትገባለች። ስኳሩን የምትለካው በደም ውስጥ አይደለም፣ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። እንደየዓይነቱ በየደቂቃው ወይም በየ5 ደቂቃው ቁጥሩን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ትልካለች። የመጀመሪያው ፍሪስታይል ሊብሬ ስልክ ወይም ማንበቢያ ሲጠጋው ነበር የሚናገረው፤ አዳዲሶቹ ራሳቸው ይልካሉ፣ አላርምም አላቸው። አብዛኛው ሴንሰር እንደየዓይነቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግላል፣ ከዚያ ይጣላል።

ከቁጥሩ እኩል ቀስቱን እዩ። 110 ሆኖ ቀስቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሰላም ነው። 110 ሆኖ ቀስቱ ወደ ታች ከሆነ ግን እየወረዳችሁ ነው፣ የሚበላ ነገር አዘጋጁ። የጣት መለኪያ ሁለቱንም "110" ብሎ ያልፋቸዋል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

• ሴንሰሩ ከደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ስኳር በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ልዩነቱ ይሰፋል።

• ክንዳችሁን ተጭናችሁ ከተኛችሁ ሳይወርድ "ወርዷል" ሊል ይችላል።

• ሰውነታችሁ የሚሰማውና ስልኩ የሚለው ካልተስማማ ጣታችሁን ወግታችሁ አረጋግጡ። ስለዚህ ሴንሰር ያለው ሰውም ስትሪፕ ያስፈልገዋል።

ግቡ ስንት ነው? ለአብዛኛው ሰው ከ70 እስከ 180 (በሚሊግራም በዴሲ ሊትር) መሃል ከቀኑ 70 በመቶውን ማሳለፍ ነው። ይህ ወደ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከ70 በታች የሚያልፈው ጊዜ ከ4 በመቶ፣ ማለትም በቀን ከአንድ ሰዓት ማነስ አለበት። ሙሉ ቀን ልክ መሆን አለበት ያለ የለም። 24 ሰዓት ቀጥ ያለ መስመር የሚፈልግ ሰው ራሱን ያሳብዳል።

ፓምፕና "አንጠብቅም" ያሉት ሰዎች

ኢንሱሊን ፓምፕ በወገብ ላይ የሚታሰር ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ኢንሱሊንን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ ማሽን ነው። ፓምፑንና ሴንሰሩን በአንድ ፕሮግራም ካገናኘናቸው፣ ስኳር ሲወርድ ፓምፑ ራሱ ይቀንሳል፣ ሲወጣ ይጨምራል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማሽን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ2016 ነው። ሙሉ በሙሉ ራሱን የቻለ ግን አይደለም፤ ልትበሉ ስትሉ አሁንም ልትነግሩት ይገባል።

ደስ የሚለው ታሪክ ከዚህ በፊት ያለው ነው። ዳና ሉዊስ የተባለች አሜሪካዊት ወጣት ብቻዋን ትኖር ነበር። የሴንሰሯ አላርም ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም፤ አንድ ሌሊት ሳልነቃ እቀራለሁ ብላ ፈራች። ኩባንያው እስኪያስተካክል አልጠበቀችም፤ ስኮት ሊብራንድ ከተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ሆና የሴንሰሩን መረጃ እያወጣች ጮክ ያለ አላርም ሠራች። ከዚያ ሥራው አደገና ፓምፑን ራሱን የሚያዝዝ ፕሮግራም ሆነ። እ.ኤ.አ በ2015 አሠራሩን ለሁሉም በነጻ ለቀቁት። ጆን ኮስቲክ የተባለ አባትም የልጁን ስኳር ከሥራ ቦታው ሆኖ ለማየት ኮድ ጻፈ፤ ዛሬ "ናይትስካውት" በሚል ስም ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሆኗል። የእንቅስቃሴው መፈክር "አንጠብቅም" ነው።

ይህን የምናነሳው "እናንተም ፓምፕ ክፈቱ" ለማለት አይደለም፣ ያ አደገኛ ነው። ይህ ቴክኖሎጂ ግማሹ የመጣው በሽታውን ከሚኖሩት ሰዎች እንደሆነ እንድታውቁት ብለን ነው።

ታዲያ ማሽን ሲበዛ ለምን አልተስተካከለም?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ።

አሜሪካ ውስጥ ቲ ዋን ዲ ኤክስቼንጅ የሚባል የታካሚዎች መዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ ከ2010 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ሴንሰር የሚጠቀሙት 7 በመቶ ነበሩ። ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 30 በመቶ ደረሱ። በእነዚሁ ዓመታት ግን የጎረምሶቹ ኤችቢኤዋንሲ፣ ማለትም የ3 ወር የስኳር አማካያቸው፣ ከ8.5 ወደ 9.3 በመቶ ወጣ። የብዙዎች ግብ ከ7 በታች ነው።

ሴንሰር አይሠራም ማለት ነው? አይደለም። እዚያው መዝገብ ላይ ሴንሰር የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ነገር ግን ማሽን አገር ውስጥ መኖሩ ብቻ የወጣቱን ስኳር አያወርደውም። በጉርምስና ሆርሞን ኢንሱሊንን ያዳክማል። ወጣት ደግሞ ከጓደኞቹ መለየት አይፈልግም፤ መርፌውን ይደብቃል፣ አላርሙን ያጠፋል። በየቀኑ ያለ እረፍት መቁጠር ይሰለቻል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ እውነተኛ ድካም ነው።

የማግኘት ጉዳይም አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ2022 ዓይነት 1 ላለባቸው ልጆች ሁሉ ሴንሰር እንዲሰጥ መመሪያ አወጣች፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ራሱን የሚቆጣጠረው ፓምፕ ለብዙዎች በየደረጃው እንዲዳረስ ፈቀደች። እዚያ ሕክምና በነጻ ነው። ሆኖም ከድሃ ሰፈር የሚመጡና ጥቁር ልጆች መሣሪያዎቹን ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ሲያገኙ ነው የቆዩት። ነጻ መሆን ብቻ አልበቃም፤ የሚያስረዳ፣ የሚከታተልና "ይህ ልጅ አይችልም" ብሎ ቀድሞ የማይፈርድ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ወደኛ ስንመጣ

እዚህ አገር አብዛኛው ስኳር ያለበት ወጣት የያዘው የብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅና (ካገኘ) የጣት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ በ2009 የተጀመረው "ቼንጂንግ ዳያቢቲስ ኢን ችልድረን" የሚባል ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራል፤ ለልጆች ኢንሱሊንና መለኪያ በነጻ ያቀርባል። የዕድሜ ገደብ ስላለው የምትታከሙበት ሆስፒታል ውስጥ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ስኳር ሕሙማን ማኅበርም አለ፤ አባል መሆን ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ያሳያችኋል።

ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 4 ጊዜ ለመለካት በዓመት 1,460 ስትሪፕ ያስፈልጋል። 50 የሚይዘውን ፓኬት ብንቆጥር ወደ 30 ፓኬት ነው። በ14 ቀን ሴንሰር ከሄድን ደግሞ በዓመት 26 ሴንሰር። ለአንድ ወር ብቻ የሚልክ ዘመድ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ዓመቱን አይሸፍንም።

ሁለት ሴንሰር ብቻ ያለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ወደ ጓደኛችን እንመለስ።

ሁለቱን ሴንሰር እንደ ጌጥ አላደረጋቸውም። 28ቱንም ቀን ስልኩ ላይ ማስታወሻ ያዘ፦ ስንት ሰዓት ተወጋ፣ ምን በላ፣ ኳስ ነበረ ወይ፣ መቼ ተኛ። ግራፉን ስናየው ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በተለይ ኳስ በተጫወተባቸው ቀኖች፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። የዚያን ሌሊቱ ነገር የአንድ ቀን አጋጣሚ አልነበረም። ሳናውቀው ደጋግሞ ሲሆን የነበረ ነው።

ምክንያቱን ሐኪሙ አስረዳው። ደፍራሹ ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ነው ጉልበቱ የሚበረታው። ማታ 1 ሰዓት የተወጋ ሰው መድኃኒቱ የሚበረታበት ሌሊት ላይ ነው። በዚያ ላይ ኳስ የተጫወተ ሰውነት ለሰዓታት ስኳር መጠቀሙን ይቀጥላል። ሐኪሙ የማታውን መጠንና ሰዓት አስተካከለለት፣ ኳስ ባለበት ቀን ከመተኛቱ በፊት እንዲበላ ነገረው። ሴንሰሮቹ ካለቁ ቆይተዋል። የተማረው ነገር ግን ዛሬም እያገለገለው ነው።

ከውጭ ሊላክላችሁ ከሆነ

ዲሲም ሆነ ዱባይ፣ እስራኤልም ሆነ ስዊድን ያለ ዘመድ "ምን ልላክ?" ሲል ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አጣሩ፦

• ስልካችሁ አፑን ይደግፋል ወይ? ስልክ በማስጠጋት የሚነበበው ዓይነት ኤንኤፍሲ ይፈልጋል፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች የላቸውም።

• አፑ እናንተ ባላችሁበት አገር ይወርዳል ወይ? ካልሆነ ለብቻው የሚሸጠውን ማንበቢያ ይላኩ።

• ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ ነው? አንዳንድ አገር በሚሊሞል ነው የሚጠቀሙት። 5.5 አይታችሁ አትደንግጡ፤ በ18 ስታባዙት 99 ነው። ግራ መጋባቱ አደገኛ ስለሆነ ሳትለጥፉት በፊት አረጋግጡ።

• ጊዜው መች ያልፋል? ሻንጣ ውስጥ ፀሐይ ላይ ከርሞ ነበር ወይ?

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ደግሞ እውነቱን ንገሯቸው፦ አንድ ሴንሰር ከሚመጣ ለወራት የሚሆን ስትሪፕ ቢመጣ ይሻላል የሚባልበት ጊዜ አለ።

ተጠንቀቁ፦ ሰዓትና ቀለበት

ቴሌግራም ገበያ ላይ "ያለ መርፌ ስኳር የሚለካ ስማርት ዋች" ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ የካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳን ሳይበሳ በራሱ ስኳር እንዲለካ ፈቃድ የሰጠው ሰዓትም ቀለበትም እንደሌለ ተናግሯል። ጣታችሁን ካሜራ ላይ አድርጉ የሚሉት አፖችም ያው ናቸው። የሚያሳዩት ቁጥር የተፈጠረ ነው። በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው።

የኢንሱሊን መጠንንም ከኮሜንት አትጠይቁ። የእሱ 20 ዩኒት እናንተን ሊገድል ይችላል።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውስ?

ብዙ ነገር ይችላል፤ ሁሉም ደግሞ በነጻ ነው።

• አላርም ሙሉ፦ ለመርፌ፣ ለምግብ፣ ከመተኛት በፊት ለመለካት።

• ቁጥሩን ጻፉ። በተለካችሁ ቁጥር ከሳህናችሁ ፎቶ ጋር አስቀምጡ። ስንት እንጀራ ስንት እንደሚያወጣችሁ በሁለት ሳምንት ታውቁታላችሁ። ለሐኪሙ "ደህና ነኝ" ከማለት ስልኩን ክፈቱለት።

• ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ አይፎን ላይ ሜዲካል አይዲ ይባላል። "ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ" ብላችሁ ሙሉት። ስልኩ ተቆልፎም ይታያል።

• ሴንሰሩን ለእናታችሁ ሼር ካደረጋችሁ መጀመሪያ ተስማሙ። "ከ70 ሲወርድ ደውይልኝ፣ በየቁጥሩ ግን ምን በላህ አትበይኝ" ማለት ነውር አይደለም። ቁጥር መወቃቀሻ ሲሆን ወጣት ሴንሰሩን ነቅሎ ይጥላል።

ፍሪጅ ለሌላችሁ ደግሞ የድሮው ሸክላ አለላችሁ። በእርጥብ አሸዋ መሃል የተቀመጠ ገንቦ ኢንሱሊንን ከሙቀት ይጠብቃል፤ ገጠር ብዙ ሰው ሲጠቀምበት የኖረ ዘዴ ነው። ኢንሱሊን ከቀዘቀዘ በላይ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል፣ አትጠቀሙበት።

ጾምና ጠበልን በተመለከተም አንድ ነገር እንበል። እምነታችሁ የእናንተ ነው። ኢንሱሊን ማቋረጥ ግን ዓይነት 1 ያለበትን ሰው በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ያስገባዋል፣ ይገድላልም። መጾም ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

አጠገባችሁ ላለ ጓደኛ

ይህን ክፍል ስኳር የሌለባችሁ አንብቡት። ስኳር ያለበት ጓደኛችሁ ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ወይም ነገሩ ከተምታታበት፣ ስካር ነው ብላችሁ አትተዉት።

1. መዋጥ ከቻለ ወዲያው 15 ግራም ያህል ስኳር ስጡት፦ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። "ዜሮ" የሚለው አይሠራም።

2. 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። መለኪያ ከሌለና ካልተሻለውም ድገሙት።

3. ሲሻለው ምግብ ይብላ።

4. ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሕክምና አድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እኛ ቤት ያን ሌሊት ሴንሰር አልነበረም፣ ስትሪፕም አልነበረም። የነበረው ስኳር፣ ውሃና አንድ ነገሩ የገባው ሰው ነው። አሁን በራችን ጀርባ እነዚህ አራት መስመሮች ተለጥፈዋል፣ ከአልጋው አጠገብ ሁሌም አንድ ለስላሳ አለ። ሴንሰሩ በሚቀጥለው ክረምት ይመጣ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የምንጠብቀው እኛው ነን።

ስኳር ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ከሱ በላይ ግን አብረውት ለሚኖሩት ላኩላቸው።